ጥልያኑ የወደደው አምባር

ሸዋ ሮቢት የነበረው የጥልያን ሹም አሮጌ ዕቃ ይወድ ነበር። ከሰው ዓመል አይታጣም። ጀውሃ ላይ የስልክ ሽቦ ተቆርጦ ሲገኝ ባሌን ከማሽላው ማሳ አፍሰው ወሰዱት። እሱ ሽቦ ሊቆርጥ ቀርቶ ዶሮ ማረድ የሚፈራ ሰው ነው። የሹሙ አስተርጓሚ ጠጋ ብሎ፣ «እህቴ፣ አሮጌ የብር ጌጥ ካለሽ አምጪለት፤ አለዚያ ነገ በመኪና ከተጫነ መመለሱን እንጃ» አለኝ። ወዴት ይሸሻል? መንገዱን ባንዳ ይዞታል፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ከቀወት ወረዳ ንቅንቅ የለም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አማቴ የብር ድሪዋን ከሳጥን አወጣችልኝ።

እንግዲህ ለሹም የሚሰጥ ነገር ከነእድፉ ይሰጣል? በአመድና በሎሚ ፈትገን ፈትገን፣ ትናንት ከአንጥረኛ እጅ የወጣ አስመሰልነው። ደስም ብሎን ነበር። ሹሙ ገልበጥ አድርጎ አየና ፊቱን አኮማተረ።

«ጥቁረቱን ለምን ገፈፋችሁት? ዋጋው እኮ እሱ ነበር» አለኝ አስተርጓሚው።

እድፍ ዋጋ እንዳለው ያን ቀን ሰማሁ። ንዴቱ ሊገድለኝ ደረሰ። ልወጣ ስል ሹሙ ክንዴ ላይ ያለውን ወፍራም የብር አምባር አየና፣ የማን እንደሆነ አስጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ይሄስ አይሆንም በሉልኝ» አልኩ። «የእናቴ ነው። እሷም ከእናቷ ነው ያገኘችው፤ ለእናቷ ደግሞ አሊዩ አምባ ይነግድ የነበረ አባቷ ነው ያሠራላት። እናቴ ስትሞት ጀናዛዋን ያጠቡት ሴቶች ከክንዷ አውልቀው ለእኔ ለልጇ አጠለቁልኝ።»

እኛ ዘንድ የዕቃን ዘር መቁጠር እጅህን ሰብስብ ማለት ነው። የእናት ነው ከተባለ ወዲያ አምጪ የሚል ሰው የለም፤ ነውር ነው። ያ ሰውዬ ግን አስተርጓሚው በተናገረ ቁጥር ዓይኑ ይበራል። ለካ እኔ ሙታኔን አንድ በአንድ ስጠራ ዋጋውን ከፍ ከፍ እያደረግሁለት ኖሯል። ከአፍ የወጣ አፋፍ! አምባሩን ካመጣሁ ባሌን እንደሚፈታው አስነገረኝ።

አምባሩ ደግሞ አይወልቅም። ልጅ ሳለሁ ገብቶ እጄ ሲያድግ እዚያው ቀርቷል። አንጥረኛ ይቁረጠው ብል፣ «ከተቆረጠ ተራ ብር ነው፤ እንዳለ ይምጣ» አለ ሹሙ። ብሩ እኔን ይዞኛል፣ ጥልያኑ ባሌን ይዞታል፤ ሁለቱም አይለቁም። ስወደው የኖርኩትን የእናቴን አምባር ያን ቀን ጠላሁት።

ቤት ስገባ አማቴ እጄን ቅቤ ቀባችኝ። ቢስሚላህ እያለች ትስባለች፣ ታለቅሳለች፤ እኔ የበሩን መቃን አቅፌ ጥርሴን ነክሻለሁ። አውራ ጣቴ ከሥሩ ቀጭ አለና አምባሩ ቆዳዬን ይዞ ወጣ። ከአምባሩ ላይ ደሙን ልጠርግለት አልኩና ተውኩት፤ እሱም ዋጋ ያወጣ እንደሆን ማን ያውቃል?

ሳይመሽ ወስጄ ሰጠሁ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ባሌ በእግሩ መጣ። እናቱ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበርና የአጥሩ በር ላይ ብቻዬን አገኘኝ። ክንዴን ሲያይ ባለበት ቆመ። በእኛ አገር ሴት አምባሯን የምታወልቀው ለሐዘን ነው።

«እማዬ ናት?» አለኝ።

«ኧረ እሷስ ደህና ናት፤ ወንዝ ወርዳ ነው» አልኩት። አላመነኝም። አፈሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና፣ «አትደብቂኝ፣ ማን ነው የሞተው?» እያለ ያለቅስ ጀመር።

«እናቴ» አልኩት። እናቴ ስትሞት ልጅ ነበርኩ፤ ለቅሶም አላወቅሁ። ያን ዕለት አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩላት።