በጠፍር የለካሁት መሬት

ከጉና ግርጌ እስከ ደብረ ታቦር ባለው አገር እንደ እኔ መሬት የለካ ሰው የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ያየ ይመስክር። ፊደል የቆጠርኩት ጦር ሜዳ ነው። ጓዶቼ ምሽግ ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ እኔ በጥይት ሣጥን ክዳን ላይ በከሰል «ሀ» ብዬ እጽፍ ነበር። መምህር አልነበረኝም። ትከሻዬን ቆስዬ ስመለስ፣ ደብዳቤ አንባቢና ማባዛት ማካፈል የሚያውቅ ከእኔ በቀር በቀበሌው ስላልነበረ ሊቀ መንበር አደረጉኝ። ደግ አደረጉ።

መሬት ሲከፋፈል የመለኪያውን ገመድ ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ። ከራሴ በሬ ቆዳ ጠፍር ተልትዬ፣ በእጄ ገመድኩት። ጫፉን ለሰው አላምንም ነበር። ስንቱ ደሀ መሬት ያገኘው በዚህ እጅ ነው።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ሚስቴ ከሞተች ቆየች፤ ልጆቼ ባሕር ዳር ናቸው፤ ማሳዬንም ሌሎች ምርቱን በእኩል እየተካፈሉ ያርሱልኛል። ከቤቴ በታች ያለው ጎረቤቴ የድሮ መቀናጆዬ ነው። እሱ አንድ በሬ፣ እኔ አንድ በሬ ነበረን፤ ሁለቱን አጣምረን፣ የእሱን ማሳ ከእኔ ሳንለይ ሰባት ክረምት አርሰናል። ከክፍፍሉ ወዲህ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ አያናግረኝም ነበር። የገበያ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቱን ወደ ጉና ያዞር ነበር። ከማንም ጋር ሳልነጋገር የምውልበት ቀን ብዙ ነው። እንዲያ ሲሆን የድሮ ቃለ ጉባኤዬን አወጣና ጮክ ብዬ አነባለሁ። አጻጻፌ ዛሬም ያምራል።

ጠባችን እንዲህ ነበር። አንድ ማሳ ለሁለታችን በዕጣ ወጣ፤ የላዩ ለእኔ፣ ከእኔ የተረፈው እስከ ገደሉ ድረስ ለእሱ። ጠዋት የራሴን ለክቼ የወሰን ድንጋይ ተከልኩ። ከቀትር በኋላ ሰው ተሰብስቦ ሳለ መጣና፣ «ወንድሜ፣ የእኔ አንሳብኛለች። እባክህ አንዴ ድገምልኝ» አለኝ።

«የእኔ ልክ አይደገምም!» አልኩት። «ቁጥር ስትማር ያን ጊዜ ትከራከረኛለህ።»

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ሌባ!» ብሎኝ ሄደ። ሌባ ግን አይደለሁም፤ ከሹመቴ ስወርድ ከቢሮው እስክሪብቶ እንኳ ይዤ አልወጣሁም።

ባለፈው በጋ ከወረዳ መሬት ለኪዎች መጡ። አለቃቸው አንዲት ወጣት ሴት ነበረች፤ ከሳተላይት ጋር የሚነጋገር መሣሪያ ይዛለች። ማሳውን ዞራ ስትጨርስ፣ «አባባ፣ የእርስዎ መሬት የይዞታ ደብተርዎ ላይ ከተጻፈው ይበልጣል። የታችኛው ደግሞ በዚያው ልክ ይጎድላል» አለችኝ።

«መሣሪያሽ ዋሽቷል። ድገሚው።»

ዞራ ደገመችው። ያው ሆነ።

ጎረቤቴ ከድንበሩ ማዶ፣ የታጨደው ማሳ ላይ በሬውን ያግድ ነበር። ወደ እኔ ሳያይ የበሬውን ጀርባ ቸብ አደረገና፣ «ሰማህ አንተ በሬ? መሣሪያ እንኳ ሲለምኑት ይደግማል!» አለ።

ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ወጣትነቴን የሚያውቅ ሰው ከእሱ በቀር የቀረኝ የለም። እሱም ሌባ እንደሆንኩ አምኖ ሊሞት ነው። በሦስተኛው ቀን ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ እኔ ማሳውን ከመለካቴ በፊት በነበረው ማታ ያለ ወቅቱ ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ ገመዱም አጥር ላይ ተረስቶ አድሯል። አወጣሁት። በርሜል ውስጥ ዘፍዝፌ ለካሁት፤ ፀሐይ ላይ አድርቄ ደግሜ ለካሁት። እርጥቡ ከደረቁ በሁለት ክንድ ይረዝማል! ሞፈርና ቀንበር የሚያያዝበት የጠፍር ምራን ሲርስ እንደሚላላ ማንም አራሽ ያውቃል። እኔ ግን ያን ቀን አራሽነቴን ትቼ ሊቀ መንበር ብቻ ነበርኩ። ከቀትር በኋላ ገመዱ ደርቆ ስለነበር፣ ብደግመው ኖሮ እውነቱ እዚያው ይወጣ ነበር። ቢሆንም ይህን ምሥጢር ያገኘ የተማረ ሰው የለም፤ ያገኘሁት እኔው ነኝ።

ገመዱን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወደ ቤቱ ወረድኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ የእርፍ እንጨት ይጠርብ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ሥራውን ሳያቆም ሰማኝ።

«ሌባ አለመሆንህ ጠፍቶኝ ነው?» አለኝ በመጨረሻ። ከስንት ዓመት በኋላ ያናገረኝ ያን ጊዜ ነው። «ሌባማ ያፍራል፣ ይደበቃል። አንተ በሰው ፊት አሳቅክብኝ። መሬቱ ጥቂት ትልም ነው፤ አርሼው አልከብርበትም ነበር።»

«ነገ ድንጋዩን እነቅላለሁ።»

«ንቀል። እሱ የመንግሥት ጉዳይ ነው። ለሌላው ግን ጊዜ ስጠኝ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ በዚህ ዕድሜህ ደግሞ ጊዜ ትጠይቃለህ?»

ሊስቅ ነበር። ጺሙን ዳበስ አደረገና መጥረቢያውን መልሶ አነሳ። ግባ አላለኝም።

በማግሥቱ ድንጋዩን ነቅዬ ወደ ራሴ አስገብቼ ተከልኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ያለ ማንም እርዳታ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ «እንዴት አደርክ» ይለኛል። ቆሞ አይደለም፣ እያለፈ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» ብዬ ሳልጨርስ ሰንበቴ ቤት ገብቶ ከባልንጀሮቹ ጋር ይቀመጣል። ቀበሌ ሙሉ ሰው ያዘዝኩ ነኝ። ለዚያች ቃል ግን ከሁሉ ቀድሜ እወጣና በሚያልፍበት በኩል እቆማለሁ።