በአንድ ቅጠል ላይ ሁለት ዋግ

ባለፈው ቅዳሜ ዴ ሞይን ከተማ ባለው ጓሮዬ ውስጥ የጽጌረዳ ቅጠል ስገለብጥ ብርቱካንማ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። ገበሬው «ዋግ» የሚለው የፈንገስ በሽታ ነው። ልጄ መድኃኒት እንድረጭበት መከረችኝ፤ እኔ ግን ሐሳቤ ወደ ሃያ ሁለት ዓመቴ ሄዶ ነበር።

ያኔ እዚሁ አጠገብ ባለችው ቱክዊላ ከተማ አክስቴ ጋ ነበር የምኖረው። ጠዋት ጠዋት፣ በዚያ በማያባራ ካፊያ፣ ሁለት አውቶቡስ ይዤ ወደ አንድ ቤተ ሙከራ እሄድ ነበር። ሥራዬ ከሞቃት አገሮች በመጡ ደረቅ ቅጠሎች ላይ ካለው ዋግ ዲኤንኤ ማውጣት ነበር፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚዛመድ ለመለየት። አንድ ቀን ከጅማ አካባቢ የተለቀመ የዋንዛ ቅጠሎች ደረሱኝ። ፍሬውን በልጅነቴ ከንፈሬ እስኪጣበቅ በልቼዋለሁ፤ ቅጠሉን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

የሳይንሱ መዝገብ በዋንዛው ላይ ያለው ዋግ አንድ ዓይነት ነው ይላል። የኔ ውጤት ሁለት አለ። አንድ ነባር ተመራማሪ ወረቀቱን አየና፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ «የናሙና ቱቦዎቹን ቀላቅላቸዋለች» አለ። እውነት ቀላቅዬ ቢሆንስ?

ማታ ቤት ገብቼ ስነግራት አክስቴ ምስሯን እያማሰለች ሰማችኝ።

«ሶ፣ ቀላቅለሻል?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አላውቅም በያቸው። እርግጠኛ ላልሆንሽበት ምን ያስምልሻል?»

በማግስቱ ለቤተ ሙከራው ኃላፊ ለፕሮፌሰሯ እንደዚያው ነገርኳቸው። ሽበታቸውን በእርሳስ ጠቅልለው የሚያስሩ ሴት ነበሩ። ያሰናብቱኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ኦኬ። አሁን ደግሞ በዓይንሽ እዪው» አሉኝ። ዲኤንኤ ካወጣሁባቸው ነጠብጣቦች የተረፈውን ፍቀው በትንንሽ መስታወቶች ላይ አደረጉልኝና፣ የትኛው ከየት እንደሆነ እንዳላውቅ የመስታወቶቹን መለያ ጽሑፍ በፕላስተር ሸፈኑት። ሦስት ቀን ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፋሁ። በሁለተኛው ቀን ነው የገባኝ፤ የአንዳንዱ ዋግ ዘር፣ ማለትም የዱቄቱ ቅንጣት፣ ጫፉ ቆብ የደፋ ይመስል ወፍራም ነው፣ የሌላው ስስ። በሁለት ለየኋቸው።

ዓርብ ዕለት ፕላስተሩን አብረን ላጥነው። እኔ በዓይኔ የለየሁት ዲኤንኤው ከለየው ጋር አንድም ሳይቀር ገጠመ። እንዲያውም በአንዱ ቅጠል ላይ ሁለቱ ዋጎች ጎን ለጎን በቅለው ተገኙ።

«የቀላቀለው ጫካው ነው!» ብለው ሳቁ ፕሮፌሰሯ። ተመራማሪውም ሰኞ ዕለት ሁሉም ባለበት ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም በዚያው ሙያ ቀረሁ።

ፕሮፌሰሯ አሁን ሰማንያን አልፈዋል። ቅዳሜውኑ ኮል አድርጌ ስለዚያ ሳምንት አመሰገንኳቸው። እሳቸውም «ፕላስተሩን አላስታውሰውም። ዋንዛውን ግን እንዴት እረሳዋለሁ!» አሉኝ።

አልከፋኝም። ለኔ የሕይወቴ መንገድ የተቃናበት ሳምንት ለእሳቸው የዘወትር ሥራቸው ነበር። በሰው ላይ ከመፍረድ በፊት ነገሩን ደግሞ ማየት ልማዳቸው ስለሆነ፣ እንደ ውለታ አልቆጠሩትም። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ የጣለኝ አምላክ ይመስገን።