ጀፎረ ላይ የተወረወረ ክር

ወልቂጤ፣ ሊነጋጋ ሲል

መናኸሪያው ገና አልሞቀም፣ የረዳቶቹ ጉሮሮ ግን ሞቋል። "እምድብር! እምድብር! ሁለት ሰው የቀረው!" ሁለት ሰው የቀረው የሚሉት ሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩ ብቻውን ተቀምጦ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ውሸት መሀል ስላደግኩ አይደንቀኝም።

አብሮኝ ያለው ሰው ኬንጂ ይባላል። ጃፓናዊ ነው፤ ወልቂጤ ሒሳብ ሲያስተምር ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት አደርሰዋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ጊቤ ወንዝ እንወርዳለን፤ እሱ ያጠምዳል፣ እኔ አወራለሁ። ዛሬ ግን ረዥም መንገድ ነው። በእምድብር አድርገን ቡታጅራ እናድራለን፣ ነገ ወደ ዝዋይ ሐይቅ።

ጀርባው ላይ ጥቁር ረዥም ቱቦ አንግቷል። ዘንጉ እዚያ ውስጥ ነው። ዘንጉ፣ ክር ማጠንጠኛው፣ መንጠቆዎቹ፣ ቀለም የተቀቡት የውሸት ዓሣዎች፣ ሁሉም ከሀገሩ አብረውት የመጡ ናቸው። ጊቤ ዳር ያሉት ልጆች ናይለን ክር በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ላይ ጠቅልለው ነው የሚያጠምዱት። እሱ ግን ካጠመደ በኋላ ማጠንጠኛውን በንጹህ ውሃ ያጥባል፣ በጨርቅ ይጠርጋል። እኔ ባጃጄን እንደዚያ አጥቤያት አላውቅም።

"ይሄ ቢሰበር እዚህ ከየት ትገዛለህ?" ብዬው ነበር አንዴ።

"አይገዛም" አለኝ። "ስለዚህ አይሰበርም።"

ሰሞኑን እህቱ በሰው እጅ አዲስ ክር ላከችለት። ከፀጉር ትንሽ ቢወፍር ነው፣ ግን ጥርስ አይበጥሰውም። በየአሥር ሜትሩ ቀለሙ ይቀየራል፦ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ። መንጠቆው ምን ያህል እንደራቀ በቀለሙ ይታወቃል። ይቺን ቀለም ያዙልኝ። ጉዱን ያመጣችው እሷ ናት። እሷና የኔ አፍ።

ጉብሬን አልፈን

መንገዱ ግራና ቀኝ እንሰት ነው። ጤዛው ቅጠሉ ላይ ያብረቀርቃል። ከኋላችን የተቀመጡ እናት ቱቦውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"ልጄ፣ ይሄ ቻይና የተሸከመው ምንድነው?"

"መድፍ ነው እማማ፣ እንዳይነኩት!"

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ኬንጂ መድፍ ምን እንደሆነ ጠየቀኝና ነገርኩት።

"ቢያምኑህስ?" አለ።

"ቀልድ እኮ ነው፣ ዘና በል።"

ከእምድብር በእግር፣ ረፋድ ላይ

እዚህ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። አጎቴ ጋሽ ዘርጋ ያሉት እዚህ መንደር ነው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አሥረኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ጥዬ ወልቂጤ ከገባሁ ወዲህ ለመስቀል እንኳን መጥቼ አላውቅም። ጉራጌ ሆኖ ለመስቀል የማይገባ ሰው ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል። እና ምን አሰብኩ? የውጭ አገር እንግዳ ይዤ ብገባ አፋቸውን ያስዘጋል፣ "ልጁ ሰው ሆኗል" ያሰኛል ብዬ አሰብኩ። በቃ ይሄ ነበር ዕቅዴ።

መንደሩን ለማያውቅ፦ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ በመሀላቸው ሰፊ የሣር ጎዳና አለ። ጀፎረ ይባላል። ከብት ይውልበታል፣ ሠርግ ይደገስበታል፣ ለቅሶ ይወጣበታል። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። አጥሩን አንድ ስንዝር ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው ከመንደሩ ጋር ተቆራረጠ ማለት ነው።

ኬንጂ ሣሩን ሲያይ ዓይኑ በራ። "አዲሱ ክር ላልቷል። እዚህ ወርውሬ አጥብቄ ላጠንጥነው? መንጠቆ የለውም፣ ለክብደት የእርሳስ ብረት ብቻ ነው የማስረው። ማንን ላስፈቅድ?"

"ማስፈቀድ? የኔ አገር እኮ ነው!"

ወረወረ። እርሳሱ ፉጨት እያሰማ ሄዶ ሣሩ ላይ ወደቀ፣ ክሩም ቀለም በቀለም ሆኖ ጀፎረው ላይ ተዘረጋ። ኬንጂ ቀለሙን አየና ጥርት ባለ አማርኛ "ስድሳ ሜትር!" ብሎ ጮኸ። የሒሳብ አስተማሪ አይደል፣ ከአማርኛ ሁሉ ቁጥር ነው የሚቀናው።

"ሰባ አድርጋት!" አልኩ እያጨበጨብኩ።

አባባ ንዳ ከዘራቸውን እየተከሉ መጡ። የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ልጅ ሆኜም ሽማግሌ ነበሩ።

"የአስካለ ልጅ፣ ይሄ ሰው ምን እያደረገ ነው?" አሉኝ፣ በእናቴ ስም ጠርተው።

እዚህ ጋ "ዓሣ ማጥመጃ ነው" ብል ምን ነበረበት? ግን ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቼ ስመጣ ሰላም ሳይሉኝ ጥያቄ መጀመራቸው አናደደኝ።

"አይታይዎትም እንዴ? እየለካ ነዋ! ፎቅ ልንሠራበት ነው!"

እሳቸው አልሳቁም። ለካ ባለፈው ዓመት ሁለት የማይታወቁ ሰዎች መጥተው ጀፎረውን በሜትር ሲለኩ ተይዘው ተባረዋል። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሜትር የሚባል ነገር ሲሰማ እንቅልፍ የለውም። ነገሩ የተመከረበት ለመስቀል፣ ሁሉም ቤተሰብ በተሰበሰበበት ነው። እኔ የት ነበርኩ?

አባባ ንዳ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ። በሮች ተከፈቱ። ማጭድ የያዘ መጣ፣ ዱላ የያዘ መጣ። አንዲት ሴት የቆጮ ቢላዋዋን እንደያዘች ሮጣ መጥታ ክሩን ከመሬት አንስታ ቆረጠችው። ያ ጥርስ የማይበጥሰው ክር ጸጥ ብሎ ሁለት ሆነ።

ኬንጂ ዘንጉን ቀስ ብሎ ሣሩ ላይ አስተኛና ከወገቡ ጎንበስ አለ። "ይቅርታ። ዓሣ። ለዓሣ ብቻ ነው።"

"ዓሣ? ጀፎረ ላይ?" አለ አንዱ።

ዝም ብል ኖሮ! "እናንተ ፋራዎች፣ ዘንግና ሜትር የማትለዩ!" አልኳቸው። እያንዳንዷን ቃል አስረግጬ። ቀና ስል ጋሽ ዘርጋ ከፊቴ ቆመዋል። ፊቴን እንኳን አላዩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ አባባ ንዳ ዞሩ።

"ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ቅጣቱ የኔ ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር።

ዳኝነት የሚታይበት ዝግባ ሥር

ለኬንጂ በርጩማ ሰጡት፤ እሱም መንጠቆዎቹንና የውሸት ዓሣዎቹን አሳያቸው፣ የክሩን ቀለምም አስቆጠራቸው። እኔ ቆምኩ። አባባ ንዳ ብዙ አላወሩም።

"እንግዳው አልዋሸም፤ ስድሳ አለ፣ ስድሳ ነበር። ዘርጋም አላጠፋም። የዋሸው አፍ የኛው ነው፣ የሰደበንም እሱው ነው። ወሬው አሁን በየቤቱ ገብቷል። ይሄው አፍ በየቤቱ ይሂድና ያውጣው።"

ዘንጉን ተሸክሜ ከጀፎረው ጫፍ ጀመርኩ። በየደጁ ያው ነው፦ "ዓሣ ማጥመጃ ነው፣ መለኪያ አይደለም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።" አንዱ "ሚስቴ ጓዳ ናት፣ አልሰማችም፣ ድገመው" አለኝ። ደገምኩት። አንድ ክፍል አብራኝ የተማረች ልጅ፣ ዛሬ ልጅ አዝላ፣ "አንተ ነህ እንዴ? ሞተሃል ብለን ነበር እኮ" አለችና ራሷው አፈረች። በመጨረሻው ቤት አንዲት አሮጊት ጸሐይ ይሞቃሉ። ጨርሼ እስክነግራቸው አዳመጡኝ።

"እሺ። ዓሣውስ የታለ?"

"ገና አልተያዘም፣ እማማ።"

"ታዲያ ከስንት ጊዜ በኋላ ባዶ እጅህን ነው የመጣኸው?"

 ዘንጉን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኩና ወደ አጎቴ ቤት ሄድኩ።

አጎቴ ቤት ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበልን። ክሩን የቆረጠችው ሴት መጣች፤ የተቆረጠውን በእንጨት ላይ አንድም ሳታወሳስብ ጠቅልላዋለች። ለኬንጂ በሁለት እጇ ሰጠችው፣ እሱም በሁለት እጁ ተቀበላት። ሁለቱን ጫፍ አገናኝቶ ቋጠረው። ሲያጠነጥነው ቋጠሮው ዘንጉ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ባለፈ ቁጥር ጠቅ ይላል። ጠቅ። ጠቅ። አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

ጋሽ ዘርጋ እስከ አስፋልቱ ሸኙን። ሚኒባሱ ሲመጣ ነው የተናገሩት።

"ለመስቀል ና። አፍህን ግን ወልቂጤ አስቀምጠህ ና።"

ቡታጅራ፣ ሊመሽ ሲል

በአገና በኩል የደጋው ብርድ ቆነደደን፤ ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ ሙቀቱ ተቀበለን። ኬንጂ በመስኮት ያያል።

"ተናደድክ?" አልኩት።

"የሚጠብቁት ሣር አላቸው። ደስ ይላል።" ከመስኮቱ ዞር አለ። "አንተ ግን ማስፈቀድ አያስፈልግም ብለኸኝ ነበር።"

 ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቡታጅራ ስንወርድ የበርበሬው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ አዛን ይሰማል፣ ባጃጆቹ ተኮልኩለዋል። ቱቦውን አሁንም የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ኬንጂ ስጠኝ አላለም፣ እኔም እንካ አላልኩም። ከነጂዎቹ አንዱ፣ ልክ እንደኔ ፈጣን፣ ልክ እንደኔ ፊቱ በሳቅ የተሞላ፣ አንገቱን አወጣ።

"ጀለስ! ምንድነው የተሸከምከው? መድፍ ነው?"

"ዓሣ ማጥመጃ ነው" አልኩት። ይበቃ ነበር። አፌ ግን ቀኑን ሙሉ የለመደውን ቀጠለ፦ "መለኪያ አይደለም።"

ልጁ ጓደኞቹን ጠቀስ አድርጎ እየሳቀ ጮኸብኝ።

"ማን መለኪያ ነው አለህ?"