ከኮከብ የመጣው የሐጂራ እንግዳ

የምሥራች! «ምሥር ብላ» የሚለኝ ካለ ቶሎ ይበለኝ፤ ትንፋሼ እስኪመለስ እንኳ አልጠብቅም። አለፈ! ከአውራጃ የመጡት የተውኔት መራጮች ትናንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀበሌያችን አዳራሽ ተቀምጠው አይተው፣ ተውኔቱ ለሚያዝያ ሃያ ሦስቱ የሠራተኞች በዓል አውራጃው ፊት ይቅረብ ብለው ፈርመው ሄደዋል። የማን ተውኔት? እዚሁ ሸዋ ሮቢት መኪና ማቆሚያው አጠገብ ማንጎ የምትሸጠው የሐጂራ ሳልህ!

ሐጂራ ትውልዷ አሊዩ አምባ ነው። ከባሏ ከሙሳ ጋር ወደ ሮቢት ከወረደች ሃያ ዓመት አልፏታል። ፊደል የቆጠረችው በሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በተጀመረበት በሰባ አንድ ዓ.ም. ነው። የምስክር ወረቀቷን ከተቀበለች በኋላ የሚነበብ ነገር ቢቸግራት ዕቃ የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ ሁሉ እያስተካከለች ታነብ ጀመር። ደንበኛ ቆሞ «ኧረ ማንጎውን ስጪኝ» ሲላት «ቆይ፣ ይቺን ልጨርሳት» የምትል ነጋዴ እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ የጀመረው ቀበሌው ቴሌቪዥን ያመጣ ጊዜ ነው። በሳምንት አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከውጭ የመጣ ተከታታይ ፊልም ይታያል፤ ሰዎች በብረት መርከብ ከኮከብ ኮከብ ይበርራሉ፣ አንዱ ዓለም ሌላውን ዓለም ይወርራል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ አዳራሹን ከሚሞላው ሰው የሚሰማው የለም። ሐጂራ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥና ሰው ቴሌቪዥኑን ሲያይ እሷ ሰውን ታያለች። ሁሉም ቆሎ ይቆረጥማል። በፊልሙ ውስጥ ያለው ክፉ ሰው ሲጮህና ጠረጴዛ ሲደበድብ ቆሎው አይቋረጥም፤ እንዲያውም ሰው ይስቃል። ሌላ ክፉ ደግሞ አለ፤ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ ለሚገድለው ሰው መጀመሪያ መጠጥ ቀድቶ የሚሰጥ። እሱ ብቅ ሲል አዳራሹ ውስጥ አንድም ጉንጭ አይንቀሳቀስም።

«ቆሎው ዝም ካለ ሰውዬው ያስፈራል ማለት ነው» አለችው ሙሳን።

«ቋንቋውን ሳትሰሚ ምኑን አወቅሽው?»

«ጉንጭ አስተርጓሚ ይፈልጋል እንዴ?»

በፊልሙ ውስጥ ሁሉን ነገር የሚያውቅ አንድ ልጅም ነበረ። ትልልቆቹን አልነሳ ያላቸውን ሞተር እሱ በጣቱ ነካ አድርጎ ያስነሳዋል። ሕዝቡ ይህን ልጅ ሊያየው አይወድም፤ «እስቲ በጥፊ በሉልኝ!» የሚል ሁሉ ነበር። አንድ ቀን ግን ልጁ ጫማውን ግራና ቀኝ አዘዋውሮ አድርጎ እያነከሰ ወጣ። አዳራሹ «እሰይ የኔ ልጅ!» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ የሁሉም ልጅ ሆነ። ሐጂራ ይህንንም ያዘች።

ባለፈው ክረምት ደብተር ገዝታ ጻፈች። አንድ ሰው ከኮከብ ይመጣል፤ የሚፈልገው ወንዛችንን ሮቢን ነው። ወንዙ ከሄደ ሽንኩርቱም ማንጎውም ሄደ። አንዲት ብልህ ልጅ ትነቃበታለች። ደብተሩን ለቀበሌያችን የኪነት ቡድን መሪ ለአየለ ሰጠችው። አየለ የቀበሌው ጸሐፊ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ችግሩ ሲናገር ማይክራፎን የማያስፈልገው መሆኑ ነው። «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ላርመው» አላት።

አረመው። ከኮከብ የመጣውን ሰው እንዲሆን ልብስ ሰፊውን አብዱረዛቅን መረጡ፤ ፊቱን ከሰል ቀብተው፣ ራሱ ላይ የዘይት ቆርቆሮ ደፍተው «ምድርን አመድ አደርጋታለሁ!» እያለ እንዲጮህ አደረጉት። አብዱረዛቅ እኮ ሱሪ አሰፍቶ ሳይከፍል የቀረን ደንበኛ መንገድ ላይ ሲያገኝ እሱ አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው! ብልኋ ልጅ የአራተኛ ክፍሏ ፋናዬ ሆነችና ፀሐይ ከምድር ስንት እንደምትርቅ፣ ጨረቃ ስንት እንደምትመዝን በቃሏ ታንበለብል ጀመር።

በየካቲት ለነዋሪው ሲታይ ሰው በሳቅ ሞተ። «አብዱ፣ ቆርቆሮህን ያዝ!» ይላል አንዱ። «ይቺ ልጅ ራዲዮ ውጣለች እንዴ?» ትላለች ሌላይቱ። ሐጂራ ሻሿን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

ሰኞ አየለ ማንጎዋ ዘንድ መጣ።

«እትዬ ሐጂራ፣ አይተዋል አይደል?»

«አየሁ። ያየሁት ግን ያንተን ነው። እኔ ደብተር ውስጥ ቆርቆሮ የለም።»

«መራጮቹ መጋቢት መጨረሻ ይመጣሉ። እነሱም ከሳቁብን ተውኔቱ ይሰረዝና በዘፈን ብቻ እንቀርባለን። ሰውም ‹ሴትዮዋ ማንጎዋን ትሽጥ› እያለ ነው። እኔ አላልኩም፣ ሰው ነው።»

ሐጂራ ይህ ከተሰረዘ ሁለተኛ ደብተር እንደማትገዛ ልቧ ያውቀዋል። ማንጎዋን ደረደረች፣ አፈረሰች፣ መልሳ ደረደረች።

«ጓድ አየለ፣ አንዴ በኔ መንገድ ይሁን።»

«እትዬ፣ ጠላት ጠላት መምሰል አለበት!»

«ጠላት ጠላት ከመሰለማ ማን በሩን ይከፍትለታል?»

አየለ ቢቆጣም እሺ አለ፤ በቆርቆሮው ዳግመኛ መሳቂያ ከመሆን ይሻላል።

ሐጂራ ክፉውን ከኛው ልማድ ሠራችው። እዚህ በይፋት ምድር መንገደኛ ደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ካለ፣ ክርስቲያኑ ቤት «ቤት የእግዜር» ይባላል፣ እስላሙ ቤት «የአላህ እንግዳ» ይባላል፤ «አይሆንም» ያለ ስሙ በደግ አይነሳም። ስለዚህ አብዱረዛቅን ነጭ ሸሚዝ አለበሰችውና ዘንግ አስያዘችው።

«አብዱ፣ በገዛ ድምፅህ ተናገር። አንተ ውሃ የጠማህ ሰው ነህ። የሚያረካህ ግን ወንዙ በሙሉ ነው።»

«እንዴ እትዬ፣ ታዲያ ክፋቴ የቱ ጋ ነው?»

«ምስጋናህ ላይ። ባመሰገንክ ቁጥር ትጨምራለህ።»

ለፋናዬም «ቁጥሩን ሁሉ እርሺው» አለቻት።

«አስተማሪዬ እኮ ጎበዝ ብሎኛል!»

«ጎበዝ ነሽ። ግን ሁሉን የምታውቅ ልጅ ማን ያዝንላታል? ማንም አይሰማሽም። የእንግዳ እግር ታጥቢያለሽ፤ እያጠብሽ ታያለሽ።»

«የአብዱን እግር? ኡፍ!»

«ታጥቤ እመጣለሁ» አለ አብዱረዛቅ አፍሮ።

ትናንት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሦስቱ መራጮች ከፊት ናቸው፤ የበላያቸው ዓለምፀሐይ የምትባል ቆፍጣና ሴት ናት። ሐጂራ ከመጋረጃው ኋላ ቆማለች። መጋረጃው ተገለጠ። አየለ የቤቱ ባለቤት ሆኖ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አብዱረዛቅ በዝግታ ገባ፣ ዘንጉን ተደገፈና ደከም ባለ ድምፅ «ቤት ለእንግዳ» አለ።

መመለስ የነበረበት አየለ ነው። አየለ አፉን ሳይከፍት ግን ከሦስተኛው ረድፍ ጋሼ ተክሌ፣ የሰማንያ ዓመቱ አዛውንት፣ ብድግ ብለው «ቤት የእግዜር! ይግቡ!» አሉ። ከሴቶቹ በኩልም አንዷ «የአላህ እንግዳ፣ ይግቡ» ብላ ተቀበለች።

አየለ በርጩማው ላይ ደረቀ። አብዱረዛቅ ግራ ገብቶት ወደ መጋረጃው ዞረ። ይሄኔ አንድ ሰው ቢስቅ ሁሉም ነገር አበቃ። «አመስግናቸው!» አለች ሐጂራ በሹክሹክታ።

አብዱረዛቅ ወደ ጋሼ ተክሌ ዞሮ እጅ ነሳ። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። እንግዲህ እርስዎ ካስገቡኝ... ትንሽ ውሃ።» አየለ ቅል ሰጠው። ጠጣ፣ አመሰገነ፣ እንስራውን ጠየቀ። አመሰገነ፣ ጉድጓዱን ጠየቀ። አመሰገነ፤ «ማዶ የሚታየኝ ወንዝ ነው?» አለ። አዳራሹ ውስጥ ቆሎ የሚቆረጥም አልነበረም።

ፋናዬ የእግር ውሃ ይዛ ገባች። ጎንበስ ብላ እግሩን አየች። ቀና አለች።

«አባባ፣ እኚህ ሰውዬ ከሩቅ ነው የመጡት?»

«ከሩቅ ነው። ዝም ብለሽ እጠቢ» አለ አየለ።

«በእግራቸው?»

«በእግሬ ነው ልጄ» አለ አብዱረዛቅ ፈገግ ብሎ።

«ታዲያ በመጋቢት በእግር የመጣ ሰው አቧራው የታለ?»

አዳራሹ «ውይ!» አለ። ጋሼ ተክሌ ከዘራቸውን ይዘው ወደ መድረኩ ተነሱ። «ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ የማስወጣህም እኔው ነኝ! ቃሌን መልሻለሁ፣ ውጣ!» አብዱረዛቅ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አብዱ ነኝ! ኮትዎን የሰፋሁት!» እያለ በጓሮ በር ወጣ፤ ሕዝቡም ተከተለው። አየለ ያዘጋጀው የመጨረሻ ሰልፍና መፈክር ሳይታይ ቀረ።

አየለ ራሱን ይዞ ወደ ዓለምፀሐይ ሄደ። «ጓድ፣ ይቅርታ፣ ሽማግሌው የቡድኑ አባል አይደሉም...»

«አውቃለሁ» አለች። ወረቀቷን አጠፈች። «እኔም እኮ በሆዴ ‹ይግቡ› ብዬው ነበር። ማነው የጻፈው?»

አየለ ወደ መጋረጃው ዞር አለ። ሐጂራ ከመጋረጃው ኋላ «ቡድኑ» ሊል ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግን በዚያ ድምፁ «ሐጂራ ሳልህ!» አለ፤ እንኳን አዳራሹ፣ መኪና ማቆሚያው ሰማ።

ወጣችና ቆመች። ምስጋና አልመጣላትም፤ የመጣላት ጥያቄ ነው። «እዚያ አውራጃው ፊት ደግሞ ከሕዝቡ ማንም ‹ይግቡ› ባይልስ?»

«ይላል» አለች ዓለምፀሐይ እየፈረመች። «ይፋት አይደለም እንዴ?»

ሐጂራ ዛሬ ጠዋት ማንጎዋ ጋ ናት፤ የሚያልፈው ሁሉ «ቤት ለእንግዳ!» እያለ ይቀልድባታል፣ እሷም «እግርህን አሳየኝ!» ትለዋለች። ማጀቴ የሚኖሩት ታላቅ እህቷ ሙሀባ ግን ገና አልሰሙም። የካራቆሬው መኪና ሞተሩን አስነስቷል፤ ከዚያ ማጀቴ ሩቅ አይደለም። ሌላ ሰው በምሥራቹ ሳይቀድመኝ ልሩጥ!