ንብ መሳዮቹ ዝንቦች

የያዙኝ በንጉሡ ዘመን፣ ነቀምቴ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነው። ሁለት ፖሊሶች ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ባለ መስታወት ሣጥን አንሥተው እኔን ከፊታቸው አስቀደሙኝ። ሣጥኑ ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር ዲጋና አርጆ ወርደን የሰበሰብናቸው ዝንቦች በመርፌ ተሰክተዋል። ንብ ይመስላሉ፤ አበባ ላይ ክንፋቸውን እያርገበገቡ አየር ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በየወገናቸው ልለያቸው ዓመታት ደክሜባቸዋለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ አንድ መቶ አለቃ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው።

«ተማሪ ሰብስበህ ዲጋ ድረስ የሄድከው ለዝንብ ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ለገበሬው ስለ መሬት ምን አላችሁት?»

«ስለ ዝንብ ነው ያወራነው።»

አንዷን በአውራ ጣቱ ጨፈለቃት። ከዚያ ሌላዋን። ሣጥኑ ውስጥ የተነጠፈውን ጥጥ በርብሮ የሚፈልገውን ሲያጣ በጥፊ መታኝ። ጥፊውን ቻልኩት። ያን ሁሉ ድካሜን እንደ ትኋን ሲደፈጥጠው ቆሜ ማየቴ ግን አንገበገበኝ።

የጣሉኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ በሩ ሥር የሽንት ባልዲ ይከረፋል። እዚያ ያገኘኋቸው ከዲጋ የመጡ ንብ አርቢ ሽማግሌ ናቸው። መሬቴን ለባላባት አልለቅም በማለታቸው ነው የታሰሩት። ቀትር ላይ አንዲት ትንሽ በራሪ በመስኮቷ ገብታ ባልዲው ላይ አንዣበበች።

«ከኒሳ ናት፣ ንብ ናት» አሉኝ። «አትንካት በርሲሳ።» መምህር ማለታቸው ነው።

«ንብስ አይደለችም ኦቦ። ዝንብ ናት።»

ስታርፍ በመዳፌ ከደንኳትና ወደ ብርሃኑ ተጠጋን። ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ይቺ ሁለት ብቻ። ከክንፏ ጅማቶች አንዱ መሃል ላይ ጎበጥ ብሎ ይወርዳል፤ ጠርዙ ላይ ያለችውም ክፍልፋይ ዝግ ናት። በሳይንሱ ኤሪስታሊስ የሚባለው ወገን የሚለየው በዚህ ነው። ዕጮቿ የሚያድጉት በቆሸሸ ውሃ ውስጥ መሆኑን ነገርኳቸው።

«እሷስ አገሯ ነው» አሉ ሽማግሌው። «እኛን ምን አመጣን?»

በመስኮቷ ለቀቅናት።

በማግስቱ ወደ ግቢው አወጡኝ። ተማሪዎቼን አሰልፈዋቸዋል። መቶ አለቃው ጠጋ ብሎ፣ «ዝንቡ ሽፋን እንደነበር ንገራቸውና ወደ ቤትህ ሂድ» አለኝ።

የኮቴን ቁልፎች ቆለፍኩ። ክፍል ውስጥ በማስተምርበት ድምፅ፣ «ከዲጋ የሰበሰብናቸው ንቦች አይደሉም። ሁለት ክንፍ ነው ያላቸው። ወገናቸው ኤሪስታሊስ ነው» አልኩ። ይህንኑ በትምህርት ቤት በተከለከለው ኦሮምኛ ደገምኩት። ሳልጨርስ ጎተቱኝ። ከሰልፉ መሃል አንዲት ተማሪ፣ «ገለቶሚ በርሲሳ» ስትል ሰማሁ። አመሰግናለሁ ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ታሰርኩ፤ ወደ ማስተማርም አልመለሱኝም። ሽማግሌው መሬታቸውን ዳግም ሳያዩ እዚያው አረፉ። ዛሬ ሰዎች፣ «ያለፈ ነገር ነው፣ ተወው» ይሉኛል። መቶ አለቃው ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። ግን ምንም እንዳልደበቅሁ ገና ሣጥኑን ሲገለብጥ ያውቅ ነበር።