በመስታወት ሳጥን ያሳደግኋት ዓሣ

የሲሊኮን ሽታ ባፍንጫዬ በመጣ ቁጥር ዛሬም ካለሁበት ቆሜ እቀራለሁ። አቼቶ አቼቶ የሚል፣ የሚሰነፍጥ ሽታ ነው፤ አጠገቤ ያለው ሰው መስኮት እያስገጠመ ይሆናል፣ እኔ ግን በአንድ ጊዜ አርብ ገበያ፣ አባየ የብረት በርና መስኮት ይሠራባት ከነበረች ጠባብ ክፍል እገኛለሁ። ከሥራ የተረፈ መስታወት ቆርጦ፣ ጠርዙን በሲሊኮን አጣብቆ፣ ሳጥን ሠርቶ የሰጠኝ እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በስልኩ ላይ አንድ የሩቅ አገር ሰው ቤቱ ውስጥ የባሕር ውሃ በመስታወት አጥሮ፣ ኮራል የሚሉትን እንደ አበባ የሚዘረጋ ፍጥረት እያሳደገ፣ ዓሦቹን ፎቶ ሲያነሳ አይቼ «እኔም እፈልጋለሁ» ብዬ አላስቀምጥ፣ አላስተኛ ብለው ጊዜ፣ «ባሕሩን ከየት ልታመጪው ነው?» አለኝ። «ወንዝ የለንም እንዴ?» አልኩት። ሳቀና ሠራልኝ።

ጥር አልቆ ወንዙ ሲጎድል ጎረምሶቹ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ኩሬው ላይ ይበትኑ ነበር፤ ዓሣው በብርብራው ሰክሮ፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሲንሳፈፍ ትልልቁን ለቅመው ትንንሹን እዚያው ትተውት ይሄዳሉ። እኔ ጣት የሚያህሉትን እያነሳሁ፣ በምንጭ ውሃ የተሞላ ጣሳ ውስጥ እየከተትኩ፣ ውሃውን እየለወጥኩ ቤት አደርሳቸው ነበር። ብዙዎቹ ሞቱብኝ፤ ሦስቱ ግን ነፍስ ዘሩ። አቤት ደስታዬ! ከሳጥኑ ሥር የወንዝ ጠጠር ደልድዬ፣ ከኩሬው ዳር የነቀልኩትን ሣር ተከልኩበትና የእኔ ኮራል ይኸው ነው አልኩ። ባሕር የለንም፣ እና ምን ይሁን?

ችግሩ ፎቶው ነበር። የአባየን ስልክ ይዤ ባነጣጠርኩ ቁጥር መስታወቱ ላይ የሚታየው የራሴ አፍንጫ እንጂ ዓሣ አልነበረም። በመጨረሻ ዘዴው ተገለጠልኝ፤ መስኮቱን ዘግቼ፣ እማየ ለቅሶ የምትደርስበትን ጥቁር ነጠላ ከነስልኩ ተከናንቤ፣ በበሩ በኩል በሚገባው ብርሃን ብቻ አነሳ ጀመር። እማየ ስታየኝ ጮኸች፤ «አንቺ ሟርተኛ! በደህና ቀን ከል ትለብሻለሽ?» ጎረቤታችን እትዬ ፈንታዬ ደግሞ ወንፊት ልትዋስ መጥታ አየችኝና «የመስታወት ሠሪው ልጅ ጥቁር ተከናንባ ዓሣ ታናግራለች» ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው። እና ባናግርስ? የእሷን ሐሜት ከመስማት ዓሣ ማናገር አይሻልም ነበር?

ሁዳዴ ገብቶ ፀሐዩ ሲበረታ የቦኖው ውሃ በፈረቃ ሆነና ነገሩ ከረረ። በሦስት ቀን አንዴ ተሰልፈን የምንቀዳው ሦስት ጀሪካን ነበር፣ ከእሱ ላይ ለዓሦቹ ቀንሼ ስወስድ እማየ ያዘችኝ። «ሰው የሚጠጣው አጥቶ እኔ ዓሣ ላጠጣ? ፋሲካ ሳይደርስ ይሄ ሳጥን ከቤቴ ይውጣ፤ ወደ ወንዛቸው መልሻቸው!» አለች። ብርብራ ወደሚጠብቃቸው ኩሬ? እምቢ አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ትንሿን ጀሪካን አዝዬ ቁልቁል ምንጭ ወርጄ፣ ዳገቱን እያለከለክኩ ወጥቼ ውሃቸውን ራሴ እቀዳ ነበር። እልኸኛ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ።

አባየ አማላጅ ሆኖ ገባ። የሳይንስ መምህራችን ክፍላችን ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው ዓሣ ሁሉ ከመጽሐፍ የተቀደደ የባዕድ ዓሣ ነበርና፣ የወንዛችንን ዓሣ አንስቼ ካመጣሁ እንደሚለጥፈው ቃል ገብቶልኝ ነበር። «እንግዲህ ፎቶዋ ከተለጠፈ ሳጥኑ ይቆያል፣ ካልተለጠፈ ይወጣል» ብሎ አባየ አስታረቀን። እማየም «የሚለጥፈው ካለ!» ብላ ተስማማች። መስታወቱ ግን በውስጥ በኩል አረንጓዴ ዝልግልግ ለብሶ ስለነበር ምንም አያሳይም። በጸሎተ ሐሙስ እማየ ለፋሲካ ነጫጭ ልብሶቻችንን ልታጥብ እንዶድ ወቅጣ ነበር፤ ከኦሞ ይልቅ እንዶድ ያነጣል ባይ ናት። ለነጠላ የሆነው ለመስታወት አያንስም ብዬ ዓሦቹን ወደ ድስት ገልብጬ፣ ሳጥኑን በእንዶድ ፈትጌ፣ የምንጭ ውሃዬን ልቆጥብ ብዬ ለአመል ያህል አለቅልቄ መለስኳቸው። መስታወቱ ጥርት አለ! ፎቶውን በጠዋት ብርሃን አነሳለሁ ብዬ ተኛሁ።

ስቅለት ጠዋት ስልኩን ይዤ ብቀርብ ሁለቱ ሞተዋል፣ ሦስተኛዋ በጎኗ ተጋድማ አፏን ትከፍታለች። ጩኸቴን ለቀቅኩት። እማየ ለስግደት ነጠላዋን አጣፍታ ልትወጣ በሩ ላይ ነበረች፤ ተመልሳ ውሃውን በጣቷ ነክታ አሸተተች። «እንዶድ! አልቅት የሚገድለውን ነገር ለዓሣ?» አለች። ከብርብራ ያወጣኋትን በእንዶድ፣ ከድጡ ወደ ማጡ! እኔው ነኝ የገደልኳቸው ብዬ መሬት ላይ ተዘረፈጥኩ።

«ተነሽ፣ ጀሪካኑን አምጪ» አለች።

«እማየ፣ የቀረን እኮ እሱ ብቻ ነው፤ ቦኖው የሚመጣው ነገ ነው።»

«ዛሬ ስቅለት ነው። እኛ እስኪመሽ ምንም አንቀምስም። እሷ ግን አትጾምም፣ አምጪ!»

ዓሣዋን ጣሳ ውስጥ አድርጋ የእንዶዱን ውሃ ደጅ ደፋችው፣ ሳጥኑን አንዴ አጥባ ደገመች፣ የቤታችንን የመጨረሻ ውሃ ሞላችበት፤ ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ክንዷ ነክራ፣ ዓሣዋን በጣቶቿ መካከል ይዛ ወዲያና ወዲህ ታንሸራሽራት ጀመር። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ፤ አልሄደችም። እግዚኦታው ከሩቅ ይሰማን ነበር፤ እሷም እጇ ሳይቆም ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም፣ ድንገት ዓሣዋ ጅራቷን ሰበቀችና ቀጥ አለች። «ተነሣች! አየሻት? ተነሣች!» አለች እማየ እንደ ልጅ። እኔም ፎቶውን አነሳሁ፤ ጥቁር ነጠላም ምንም ሳላስብ፣ እንባዬን በክንዴ እየጠረግኩ።

መምህሩ ፎቶውን አይቶ ፊቱን ቋጠረ። «ደብዛዛ ነው፤ ደግሞ የሚታየው እጅ ነው። ሌላ አንሥተሽ ነይ» አለኝ። «ሌላ የለም» አልኩት። «ወይ ይሄን ይለጥፉ፣ ወይ ቃልዎን ይብሉ!» መምህር እንዲህ ተናግሬ ሳልገረፍ መቅረቴ እስካሁን ይገርመኛል። አትሞ ለጠፈው፤ ሳጥኑም ቆየ። ክረምት መጥቶ የቆርቆሮው ውሃ በርሜል ሲሞላ እማየ «ለልጄ» እያለች በጣሳ ትቀዳላት ነበር፣ ልጇ ማን እንደሆነች ጠይቄ ግን አላውቅም።

ዛሬ ከአርብ ገበያ ርቄ፣ ውሃ ከቧንቧ በሚወርድበት ቤት እኖራለሁ። ሳጥኔ ሰፊ ነው፣ መብራት አለው፣ ስልኬም የዓሣ ቅርፊት አንድ በአንድ ይለያል። ያነሳኋቸው ሁሉ ጥርት ያሉ ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር፣ አንዳቸውም ጠዋት አስነስተው ወደ ግድግዳው አልወሰዱኝም። ግድግዳዬ ላይ ያለው ያ ደብዛዛው ነው። የሚያየው ሁሉ ይመክረኛል፤ «ዓሣዋ ታምራለች፣ እጁ ነው ያበላሸው፤ አሁን እኮ በስልክ ቆርጦ ማውጣት ቀላል ነው» ይላል። እማየ ካረፈች ወዲህ መልሴ አጭር ሆኗል። የግድ የሚቆረጥ ካለ ዓሣዋ ትቆረጥ፤ እጁ ግን ንክች አይልም።