ዕድሜ ያለው ጎማ

ዝናብ በነካው አስፋልት ላይ የመኪና ጎማ ሲንሸራተት የሚያሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልችለውም። ታክሲ ውስጥ ከሆንኩ “ወራጅ አለ” ብዬ እወርድና ቀሪውን መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ። የሚያውቁኝ ቆንቋና ነው ይሉኛል፤ አልከራከርም።

ያደግነው አቃቂ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው የሠራተኞች ሰፈር ነው። አባቴ የባቡር ጎማ መርማሪ ነበር። ባቡሩ ከድሬዳዋ መጥቶ ሲቆም፣ እጀታዋ ረጅም የሆነች መዶሻውን ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ እየዞረ እያንዳንዱን የብረት ጎማ ይመታል። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ሥራው ይኸው ነው፤ መምታትና መስማት። “የጠነከረ ነገር አይዋሽም” ይል ነበር። እናቴ ማድጋ ስትገዛ እንኳ አንኳኩቶ የሚመርጥላት እሱ ነው።

በሰባት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የስፖርት መኪናውን ትቶለት ሄደ። ከመሬት ብዙም ከፍ አትልም። ሰፈርተኛው “ትገባባታለህ ወይስ ታጠልቃታለህ?” እያለ ቀለደበት። ወንድሜ ደንታ አልነበረውም። ከሥራ ሲመለስ ኩርባው ላይ ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል፤ እናቴ የያዘችውን ጥላ የግቢውን በር ልትከፍት ትሮጣለች። እሱ ያን ሩጫዋን ይወድ ነበር፤ እሷም እየተቆጣች ትወደው ነበር።

ፋብሪካው በዓመቱ ለትምህርት ወደ ውጭ ሊልከው ቃል ገብቶለት ነበር። “እኔ ስሄድ መኪናዋ ያንተ ናት” አለኝ አንድ ቀን፣ ኮፈኗን ከፍቶ እንዳጎነበሰ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲያ መኪናዋ በእሱ እጅ ያለች የእኔ ንብረት መሰለችኝ። ፍሬን በኃይል ሲይዝ፣ ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲያዞራት፣ ሊጨርስብኝ ነው እያልኩ በሆዴ እበሳጭ ነበር። የምወደው ወንድሜ ነበር፤ ይኼም እውነት ነው።

ጎማዎቿ ግን ሲመጡም አልቀው ነው የመጡት፤ ጥርሳቸው ጠፍቶ ሸራው ብቅ ማለት ጀምሯል። ወንድሜ የቀን ፈረቃ ላይ ስለነበረ “አንተና አባዬ ቃሊቲ ሄዳችሁ ምረጡልኝ፤ ስመጣ እኔው እገጥመዋለሁ” አለን። አባቴ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ ተነሣ። መዶሻዋንም ያዘ።

ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ለዚያች መኪና የሚሆን ሁለት ዓይነት ጎማ ብቻ ነበረው፤ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ደረቅ። አባቴ ሁለቱንም ግድግዳው ላይ አስደግፎ በመዶሻው መታቸው። ለስላሳው ምቱን ውጦ ዝም አለ። ደረቁ መዶሻዋን መልሶ አነጠራት። በአውራ ጣቱ ጥፍር ተጫነው፤ ጥፍሩ አልገባለትም። “ይኼኛው ነው። ይኼ ለልጅ ልጅ ይተርፋል” አለ። ጎሚስታው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈት አደረገና የአባቴን ሽበት አየ። “እርስዎ ካሉ ጋሼ፣ ምን እላለሁ” ብሎ አንገቱን ደፋ።

የባቡሩ ሰዓት እየደረሰ ስለነበር አባቴ ቀድሞኝ ሄደ። ጎማዎቹን ጋሪ ላይ ስንጭን ጎሚስታው ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

“ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት ‘ተሳስተዋል’ ማለት ነውር ሆኖብኝ ነው” አለኝ። “ይኼ ደረቁ ዕድሜ አለው፤ ዓመታት ይሄዳል። ውሃ ሲያገኝ ግን መሬት አይዝም። ያቺ መኪና ደግሞ ቀላልም ፈጣንም ናት። ለስላሳው ቶሎ ያልቃል፣ ግን አይለቅም። ሳይገጥመው ለወንድምህ ንገረውና እሱ ይምረጥ። ከፈለገ መልሳችሁ አምጡት፣ እቀይርላችኋለሁ።”

“እሺ” አልኩት። ጋሪው ላይ ከጎማዎቹ ጋር ተቀምጬ እስከ አቃቂ አሰብኩ። ለስላሳው የሚያልቀው መቼ ነው? በዓመቱ። መኪናዋ የእኔ የምትሆነውስ? በዓመቱ። እሱ ሲንደላቀቅባት ከርሞ እኔ መላጣ ጎማ ልረከብ ነው። ሐሳቤ ይኼ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ መልክ ልሰጠው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም።

ወንድሜ አመሻሹ ላይ ክሪኩን አውጥቶ መፍታት ጀመረ። “ጎሚስታው ምን አለ?” ብሎ ጠየቀኝ።

“ደረቁ ዕድሜ አለው አለ።”

ውሸት አልነበረም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ብዋሽ ኖሮ ዋሸሁ ብዬ ንስሐ እገባ ነበር። ብሎኑን እያቀበልኩት አራቱንም ጎማ ገጠመ።

በጋው በሰላም አለፈ። ወንድሜ በየሄደበት አባቴን ያመሰግናል፤ “አባዬ የመረጠው ጎማ ፍንክች አይልም” ይላል። መጋቢት ሲገባ ሰማዩ በደብረ ዘይት በኩል መጥቆር ጀመረ፤ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ልንገረው? ሦስት ወር ቆይቼ ስነግረው ለምን ዘገየህ ቢለኝስ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔም ዛሬ ይለፍ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሰነበትኩ።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለው ከሰዓት በኋላ ነው። ወራት ሙሉ የተጠራቀመ አቧራና የከባድ መኪና ዘይት አስፋልቱ ላይ ገና አልታጠበም ነበር። ወንድሜ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ድልድይ ቁልቁል ሲወርድ ከፊቱ አንድ የጭነት መኪና ቆመ፤ እሱም ፍሬን ያዘ። እዚያ የነበሩ ሰዎች እንደነገሩን መኪናዋ ቀጥ ብላ፣ ምንም ሳይዛት ነው የገባችበት። እናቴ በሩ አጠገብ ነጠላዋን ከዝናቡ ተከናንባ ቆማ ነበር።

የመጣው ትራፊክ ፖሊስ ጎማዎቹን ዞሮ አየና “ጎማውማ አዲስ ነው፤ የገደለው ፍጥነት ነው” አለ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥም አንዱ ለሌላው “ወጣትነት፣ ጥጋብ ነው” ሲል አባቴ ሰማ። ተነሥቶ ቆመ። “ልጄ አልጠገበም” አለ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማው። “ጎማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የገደለው የእኔ ጆሮ ነው።” እኔ አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሰው ቤት አልነበረም። እናቴ በወንድሜ መምጫ ሰዓት ትነሣና በሩን ከፍታ መንገዱን አይታ ትዘጋለች። አባቴ ጆሮውን ማመን አቃተው። አንዱን የባቡር ጎማ ሦስቴ፣ አራቴ ይመታል፤ ያልፈውና ይመለስበታል። ባቡር ነጂው ጥሩምባ ቢነፋበትም አይሰማም። መጨረሻ ላይ ባቡር ያስረፍዳል ተብሎ መጋዘን ጠባቂ አደረጉት። እኔ መምህር ሆንኩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ጀርባዬን ለተማሪዎቹ እንደሰጠሁ፣ ከኩርባው በኩል ሁለቴ ክላክስ እሰማለሁ። ዞር እላለሁ። ተማሪዎቹ ይስቃሉ።

የመኪናዋ ስባሪ ጓሯችን ውስጥ ቀረ። ቆርቆሮው ዛገ፣ ወንበሮቹን አይጥ በላቸው፣ ጎማዎቹ ግን እንደነበሩ ናቸው። ፀሐይም ዝናብም አልነካቸው አለ። አንድ ክረምት ላቃጥላቸው ክብሪት ይዤ ሄጄ፣ ጭሱን አይቶ አባቴ ቢጠይቀኝ የምመልሰው አጥቼ ተመለስኩ። ዝምታዬ ያኔ ነቅዞ ነበር፤ ዱቄቱ ሁሉ ነገር ላይ ይታየኛል።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆነ። አባቴ ጡረታ ወጣ፣ ጆሮው ደከመ፣ ከዚያ እግሩ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ እንዳመነ ሊሞት ነው የሚል ፍርሃት ያዘኝ። ከዚያ በኋላ ለማን እናገራለሁ? አንድ እሁድ ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እናቴ ጓዳ ምስር እየለቀመች ነበር።

“አባዬ፣ ስለ ጎማው የምነግርህ አለ” አልኩት።

አልሰማኝም መሰለኝ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ “ጎሚስታው የዚያን ቀን አንተ ከሄድክ በኋላ...”

መዳፉን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። “ቀስ በል” አለኝ። “እናትህ አታውቅም።”

የምናገረውን ገና አልተናገርኩም ነበር።

“በሰልስቱ ማግስት ቃሊቲ ጎሚስታው ጋ ሄጄ ነበር” አለ፣ ወደ በሩ እያየ። “ለምን አልነገርከኝም ብዬ ልጣላው። ለታናሹ ነግሬዋለሁ አለኝ። አልቅሶ ነው የነገረኝ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?”

“ምን ልበልህ? ብጠይቅህ ትጠፋብኝ ነበር። አንዱን ቀብሬያለሁ።” ጋቢውን ትከሻው ላይ ሳብ አደረገ። “የእኔ ጆሮ ያጠፋውን እኔ ተሸከምኩ። አንተ የሰማኸውን ግን አንተ እስክታመጣው ነበር የምጠብቀው። በር በከፈትክ ቁጥር ዛሬ ይሆናል እል ነበር።”

ዘጠኝ ዓመት ያን በር ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት አሰብኩ። አቀርቅሬ አለቀስኩ፤ ድምፅ እንዳላሰማ የጋቢውን ጫፍ አፌ ላይ ያዝኩ። እሱም እጁን ከጉልበቴ አላነሣም።

“ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?” አለች እናቴ ከጓዳ።

“ምንም” አላት አባቴ፣ ቀድሞኝ።